ግንቡና ካባው
(በሰሜን ዌልስ ስለሚገኘው የፔንሪን ቤት)

የታላላቅ ሰዎችን ቤት ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ‹‹ማን ኖረበት?›› ብሎ ነው። አስጎብኚውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን አገባ፣ ይህ አልጋ የእንትና ነበር፣ በዚህ ወንበር ላይ ንግሥቲቱ ተቀምጣበታለች ይባልና ጉብኝቱ ያልቃል። እኛም ታሪክ ተማርን ብለን ደስ ብሎን እንወጣለን። ቤቱ ግን እስካሁን አንዲት ቃል አልተናገረም። ቤት መናገር የሚጀምረው ‹‹በምን ገንዘብ ተሠራህ? ገንዘቡስ ከማን ጉልበት ወጣ?›› ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይዘን የምንጎበኘው ቤት በሰሜን ዌልስ የሚገኘው የፔንሪን ግንብ ነው። የመረጥነው የቤቱ መልስ ረዥም መንገድ ስለሚያስኬድ ነው፤ አንደኛው መንገድ ወደ ጃማይካ የሸንኮራ እርሻ፣ ሁለተኛው ወደ አንድ የድንጋይ ካባ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ወደሚመለከት አንድ ሌላ ቤት ይወስደናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የቤቱ መልክ

ዌልስ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች፣ የራሷ ቋንቋ ያላት ተራራማ አገር ናት። በሰሜን ምዕራብ ጫፏ ባንጎር የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ከባንጎር ወጣ ሲሉ፣ ላንዲጋይ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ከዛፎቹ በላይ ጥርሱን ያገጠጠ ግንብ ብቅ ይላል። በአንድ ወገን ባሕሩን፣ በሌላው ወገን የኤሪሪን ተራሮች ይመለከታል። ማማው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ቅስት ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ‹‹ይህማ የኖርማን ነገሥታት ምሽግ ነው፤ ስምንት መቶ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም›› ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ማስመሰል ነው። ግንቡ መሠራት የጀመረው በ1820 ገደማ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀውን ሥራ የመራው ቶማስ ሆፐር የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ሲሆን፣ ትልቁን ማማ የቀዳው በኤሴክስ ከሚገኘውና በ12ኛው መቶ ዓመት ከተሠራው ከሄዲንግሃም ምሽግ ነው። ፔንሪን ሲገነባ በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት ባቡር መሄድ ጀምሮ ነበር። በዌልስ ተራራ ላይ ጦር ሰብቆ የሚመጣ ጠላት አልነበረም። ታዲያ ይህ ሁሉ ማማና ይህ ሁሉ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ለምን አስፈለገ?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በቦታው ላይ ጥንት የዌልስ ባላባቶች ቤት ነበረ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ግን ገንዘባቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። አዲስ ገንዘብ ሁልጊዜ የድሮ መልክ ይፈልጋል። ሀብቱ ከየት መጣ ለሚል ሰው ‹‹እኛ እኮ ከጥንትም እዚሁ ነን›› ብሎ የሚመልስ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ግንቡ የተሠራው ለዚህ መልስ ነው።

በሩን አልፈን ስንገባ ከምሽግ ይልቅ ካቴድራል የሚመስል አዳራሽ ይቀበለናል። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በተቀረጸ ድንጋይ የተሞላ ነው፤ እንግዳ የሆኑ ፊቶች ከየማዕዘኑ ያፈጣሉ። የቤት ዕቃውን ሳይቀር ያወጣው ሆፐር ነው። ከመኝታ ክፍሎቹ በአንዱ ደግሞ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን የድንጋይ አልጋ አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1859 በእንግድነት መጥታ ነበርና በዚህ አልጋ ላይ እንድትተኛ ታስቦ ነበር ይባላል። ንግሥቲቱ ግን መቃብር መስሎ ታያትና አልተኛችበትም ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት፣ ጎብኚው ሁሉ ስቆ የሚያልፈው ወግ ይህ ነው።

እኛ ግን እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። አልጋው የተሠራበት ድንጋይ ስሌይት ይባላል። ጥቁር ግራጫ ቀለም ያለው፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የብሪታንያ ከተሞች ጣሪያ በብዛት የሚለብሰው ይህንኑ ነበር። በዚሁ ቤት ውስጥ ሄንሪ ሆኪንስ የተባለ ሠዓሊ በ1832 የሣለው አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። የሚያሳየውም ስሌይቱ የሚወጣበትን የፔንሪንን የድንጋይ ካባ ነው። ገደሉ እንደ ሰማይ ሰፍቷል፤ በገደሉ ላይ የተበተኑት ሠራተኞች ደግሞ እንደ ጉንዳን አንሰው ይታያሉ። ጌታው የሀብቱን ምንጭ አሣልቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ስለ ሌላኛው ምንጭ ግን፣ ያንኑ ያህል የሚናገር ሥዕል አላሣለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሌላኛው እንሂድ።

ስኳሩ

የቤቱ ባለቤቶች ፔናንት የሚባሉ ቤተሰቦች ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ጊፈርድ ፔናንት የተባለ አያታቸው ወደ ጃማይካ ደሴት ሄዶ መሬት ያዘ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በክላረንደን አውራጃ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አስፋፉ። በእርሻው ላይ የሚሠሩት ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የተሸጡ ሰዎችና በባርነት የተወለዱ ልጆቻቸው ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ እርሻው ግን እዚያው ቀረ፤ ስኳሩም በመርከብ፣ ገንዘቡም በሐዋላ ይመጣላቸው ጀመር።

ከእነዚህ መካከል ዋናው ሰው ሪቻርድ ፔናንት ነው (1737–1808)። በ1765 የፔንሪንን ርስት እኩሌታ የምትወርሰውን አን ዋርበርተንን አገባ፤ የቀረውም እኩሌታ በቤተሰቡ እጅ ገባና ርስቱ አንድ ሆነ። በ1783 ሎርድ ፔንሪን ተባለ። የባሪያ ንግድ ዋና ወደብ ለነበረችው ለሊቨርፑል ከተማ የፓርላማ እንደራሴ ሆኖም አገልግሏል። በ1780ዎቹ ማብቂያ የባሪያ ንግድ ይቅር የሚለው ሐሳብ ወደ ፓርላማ ሲቀርብ ከግንባር ቀደሞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ እርሱ ነበር። የካሪቢያን የእርሻ ጌቶችና ነጋዴዎች ማኅበርም ሊቀ መንበር ነበር።

የጃማይካውን ርስት የሚያስተዳድረው በደብዳቤ ነው። ሩቅ ተቀምጦ ለወኪሎቹ ይጽፋል፤ ወኪሎቹም ይመልሱለታል። በነዚህ ደብዳቤዎች ሰዎቹ ከከብቶቹ ጋር በአንድ ላይ እየተነሡ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ብዛታቸውና ስለ ዋጋቸው ይነገራል። ክፉ ቃል ተጽፎ አይደለም የሚያስደነግጠው። የሚያስደነግጠው የአጻጻፉ ጸጥታ ነው፤ ስለ እህል ክምችት እንደሚጽፍ ጥንቁቅ ባለርስት ያህል ረጋ ብሎ ነው የተጻፈው።

የባሪያ ንግድ በሕግ የተከለከለው በ1807 ነው። ሪቻርድ ፔናንት በዓመቱ ሞተ። ልጅ ስላልነበረው ርስቱ ለዘመዱ ለጆርጅ ሄይ ዶውኪንስ ተላለፈ፤ እርሱም ፔናንት የሚለውን ስም ጨመረበት። ዛሬ የምናየውን ግንብ ያሠራው ይህ ሰው ነው። በ1833 ደግሞ ባርነት ራሱ በብሪታንያ ግዛቶች እንዲቀር ሕግ ወጣ። መንግሥት ለካሣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ካሣው ታዲያ ለማን ነው? ለተበደሉት ነው ያልን እንደሆነ ተሳስተናል፤ ለባለቤቶቹ ነው። ለጆርጅ ሄይ ዶውኪንስ ፔናንት በ764 ሰዎች ስም 14,683 ፓውንድ ከ17 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ተከፈለው። ለነፍስ ወከፍ ብናካፍለው 19 ፓውንድ ከጥቂት ሺሊንግ ይደርሳል። ለ764ቱ ሰዎች ግን ሰባራ ሳንቲም አልተሰጣቸውም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ‹‹የሙያ ልምምድ›› በሚል ስም እስከ 1838 ድረስ ለዚያው ጌታ በግድ እንዲሠሩ ተደረገ። የብሪታንያ መንግሥት ለዚህ ካሣ ሲል የተበደረውን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። አዎን፣ በ2015። ይህ እንግዲህ ‹‹ድሮ የሆነ ነገር›› ነው ይሉናል!

ድንጋዩ

ሪቻርድ ፔናንት በስኳሩ ገንዘብ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1782 በርስቱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይቆፈር የነበረውን የስሌይት ካባ ከየግል ቆፋሪዎቹ ወስዶ በራሱ እጅ አደረገ። በ1790 ወደብ አሠራ። በ1801 ከካባው እስከ ወደቡ ፈረስ የሚጎትተው የብረት ሐዲድ ተዘረጋ። ወደ ተራሮቹ የሚዘልቅ መንገድም አስቀየሰ። የአገሩ ሰው ሥራ አገኘ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ካባው በዓለም ትልቁ የስሌይት ካባ ሆነ፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ዋናው ጉድጓድ ርዝመቱ አንድ ማይል ገደማ፣ ጥልቀቱ 1,200 ጫማ ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራር ነገር አለ። የዌልሱ ድንጋይ ጠራቢ እንጀራ የተጋገረው በጃማይካ ስኳር ገንዘብ ነው። ይህን ስንል ድንጋይ ጠራቢውን መውቀሳችን አይደለም፤ እርሱ ስለ ክላረንደን ምን ያውቅ ነበር? ደግሞም ሁለቱን ግፍ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ድንጋይ ጠራቢው ጌታውን ጥሎ መሄድ ይችላል፤ ልጁን ነጥቆ የሚሸጥበት የለም። የክላረንደኑ ሰው ግን ራሱ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ንብረት ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ነገር ግን የሁለቱ ላብ የሚቆጠረው በአንድ ቤት መዝገብ ነው።

የካባው አሠራር እንዲህ ነበር። የገደሉ ፊት በክፍል በክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱን ክፍል ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተቧድነው በቁርጥ ይይዙታል። ሁለቱ በገመድ ተንጠልጥለው ድንጋዩን ያፈርሳሉ፤ የቀሩት በዳስ ውስጥ ይሰነጥቁታል፣ ይጠርቡታል። ዋጋው በየወሩ ከአለቃ ጋር በድርድር ይቆረጣል። ድንጋዩ መጥፎ ከሆነ ዋጋው ከፍ፣ ጥሩ ከሆነ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠራቢው ራሱን እንደ ቀን ሠራተኛ አያይም፤ ባለሙያ ነው፣ ከአለቃው ፊት ቆሞ የሚከራከር ሰው ነው። በሌላ በኩል ግን ጥሩውን ገደል ለወዳጁ፣ መጥፎውን ለጠላቱ የሚሰጠው አለቃ ነው። ክብሩም ሥጋቱም ከአንድ ቦታ ይመነጫል።

የተጠረበው ስሌይት እንደ መጠኑ ስም ነበረው፤ ስሙም የመኳንንት ሚስቶች ማዕረግ ነው! ዱቼስ የሚባለው 24 በ12 ኢንች፣ ካውንቴስ 20 በ10፣ ሌዲ 16 በ8። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ አቧራ ለብሶ ወይዘሮዎችን ሲጠርብ ይውላል ማለት ነው። አቧራው ግን ቀልድ አልነበረም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል። የካባ ባለቤቶች የሚከፍሏቸው ሐኪሞች በሽታውን የሚያመካኙት በአቧራው ሳይሆን ሠራተኞቹ አብዝተው በሚያፈሉት ሻይ ነበር። በዚህ በሽታ ለተጎዱት ሠራተኞች የመንግሥት ካሣ የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ1979 ነው። የባሪያ ጌቶች ካሣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ተከፈለ፤ የሳንባው ካሣ ግን ትውልዶችን አስጠበቀ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የብሪታንያን ጣሪያ ያለበሰው ሰው በራሱ ቤት ውስጥ እያሳለ ሞተ።

በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ‹‹ካባን›› በሚሏት ጎጆ ይሰበሰቡ ነበር። (ከእኛው ካባ ጋር መቀራረቧ አጋጣሚ ነው፤ በዌልስ ቋንቋ ጎጆ ማለት ነው።) በዚያች ጎጆ ሊቀ መንበር መርጠው ይከራከራሉ፤ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሰዋስው። ግጥም ይወዳደራሉ፣ ይዘምራሉ። ሁሉም በራሳቸው ቋንቋ ነው። ጌታው እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባልና የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ነው። እነርሱ ዌልስኛ ተናጋሪዎች፣ በየጸሎት ቤቶቻቸው የሚሰበሰቡና ለሊበራሉ ወገን የሚያደሉ ናቸው። ከተማቸውም ከጌታው ርስት ውጪ በሆነ መሬት ላይ ያደገች ናት። ስሟን ያገኘችው በ1820 ከተሠራ ጸሎት ቤት ነው፤ ቤቴስዳ ትባላለች። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ‹‹ቤተ ሳይዳ›› ተብላ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናገኛት፣ በሽተኞች የውሃውን መናወጥ የሚጠባበቁባት መጠመቂያ ማለት ናት።

ሦስቱ ዓመታት

በ1874 የሰሜን ዌልስ ድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በፔንሪን ሠራተኞች በመረጡት ኮሚቴ አማካይነት እንዲደራደሩ ስምምነት ተደረሰ። ነገር ግን ርስቱ በጆርጅ ሾልቶ ዳግላስ ፔናንት፣ በኋላ ሁለተኛው ሎርድ ፔንሪን በተባለው ሰው እጅ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሰውዬው አቋሙ አንድ ነበር፦ ካባው የግል ንብረቴ ነው፤ ከሠራተኛዬ ጋር ስነጋገር በመካከሌ የሚገባ ማኅበር አላውቅም። በ1885 ኮሚቴውን አላውቀውም አለ። በ1896 በተነሣው ጠብ ካባው ለ11 ወር ያህል ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ያለ ድል ተመለሱ።

ትልቁ እሳት የተቀጣጠለው በ1900 ነው። አስተዳደሩ ትላልቅ የገደል ክፍሎችን ለኮንትራክተሮች መስጠት ጀመረ። በዚህ ዓይነት ያ በቁርጥ የሚደራደረው ባለሙያ የሌላ ሰው ቀን ሠራተኛ ሊሆን ነው። ቁጣው ወደ ድብድብ ደረሰ፤ የተከሰሱ ሰዎችም ነበሩ። ኖቬምበር 22 ቀን 1900 ወደ 2,800 የሚሆኑት ሠራተኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከካባው ወጡ።

ብዙዎቹ የተመለሱ አልመሰላቸውም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አድማው ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። በብሪታንያ የሠራተኞች ታሪክ ውስጥ ከረዥሞቹ አንዱ ነው። ወንዶቹ ወደ ደቡብ ዌልስ የከሰል ጉድጓዶች ተሰደዱ። የቤቴስዳ መዘምራን በሦስት ጓድ ተከፍለው በየከተማው እየዞሩ እየዘመሩ ለረሃብተኛው ገንዘብ ለቀሙ። በጁን 1901 ካባው በጥቂት መቶ ሰዎች ተከፈተ። ለተመለሱት ጌታው ለእያንዳንዳቸው አንድ የወርቅ ፓውንድ ሰጣቸው፣ ደመወዛቸውም በመቶ አምስት እንደሚጨመር ተነገራቸው። የከተማው ሰው ያንን ገንዘብ ‹‹የጅራት ፓውንድ›› አለው፤ ውሻ ጅራቱን ቆልቶ እንደሚያገኘው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው በየቤቱ መስኮት ላይ በዌልስኛ የታተመ አንድ ካርድ የተለጠፈው። እንዲህ ይላል፦ ‹‹በዚህ ቤት ውስጥ ከሃዲ የለም።›› አስቡት። አንድ ጎዳና ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ካርድ አላቸው፣ አንዱ የለውም። ወይም ትናንት ነበረ፣ ዛሬ ጠዋት የለም። ልጆቹ ርቧቸው እናታቸው ያወረደችው ቢሆንስ? ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ጎረቤት ጎረቤቱን ሰላም አይልም፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር በአንድ ጸሎት ቤት አይቀመጥም። የአድማ ሰባሪዎች መስኮት ተሰበረ፤ ወታደሮችም ወደ ከተማዋ ተላኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል እውነት ነው፤ አንበሳው ግን የሚጠብቀው ድሩ በረሃብ እስኪበጠስ ነው። ጌታው ሌላ ርስት፣ ሌላ ገቢ አለው፤ መጠበቅ ይችላል። ኖቬምበር 1903 ላይ አድማው አበቃ። ማኅበሩ ዕውቅና አላገኘም። ብዙዎች እንደገና አልተቀጠሩም፤ ብዙዎችም ወደ ከተማቸው አልተመለሱም።

ጌታው አሸነፈ እንበል? የስሌይት ገበያ ከዚያ በኋላ እየወደቀ ሄደ። አራተኛው ሎርድ በ1949 ሲሞት የውርስ ግብር መጣ፤ በ1951 ግንቡና በብዙ ሺህ ሄክታር የሚቆጠር መሬት በግብሩ ምትክ ተሰጥቶ ናሽናል ትረስት ወደሚባለው የቅርስ ባለአደራ ማኅበር ተላለፈ። ዛሬ ማንም ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በጌታው እልፍኝ ውስጥ ይመላለሳል።

ሁለተኛው ቤት

አሁን ወደ ባንጎር እንመለስ። ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማዋ ኮረብታ ላይ ሌላ ትልቅ ሕንፃ ይታያል፤ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕንፃው የተመረቀው በ1911 ቢሆንም ኮሌጁ ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 1884 ነው። ያን ጊዜ የራሱ ቤት አልነበረውም፤ ፔንሪን አርምስ በሚባል አሮጌ የመንገደኞች ማረፊያ ውስጥ በ58 ተማሪዎችና በ12 መምህራን ተከፈተ። ማረፊያው ስሙን እንኳ የወሰደው ከጌቶቹ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከተለያየ ወገን ነው፤ ከለጋሾቹ መካከል ግን የአካባቢው ገበሬዎችና ድንጋይ ጠራቢዎች ይገኙበታል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ከየሳምንቱ ደመወዛቸው ላይ ጥቂት ሳንቲም እየቀነሱ ለኮሌጁ ያዋጡ ነበር። አብዛኞቹ በዚያ ደጃፍ እንደማይገቡ ያውቁታል። ምናልባት ልጄ ይገባ ይሆናል፣ የእርሱም ባይሆን የጎረቤቴ ልጅ፣ ብለው ነው።

እንግዲህ ሁለት ቤቶች አሉ። ሁለቱም ከአንድ ካባ የወጡ ናቸው። አንደኛው በግንብ ጥርስ የተከበበ፣ ከካባው በወጣ ትርፍና ከዚያም በፊት ከጃማይካ በመጣ ገንዘብ የቆመ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ። ሁለተኛው ካባው ውስጥ ሲደክሙ ከሚውሉ ሰዎች ኪስ በፈቃድ በወጣ ሳንቲም የተደገፈ፤ ለማያውቁት ትውልድ የተሠራ። በመጀመሪያው ቤት ድንጋይ ጠራቢው በሥዕል ላይ እንደ ጉንዳን ተሥሏል። በሁለተኛው ቤት መሠረት ውስጥ ግን ራሱ አለበት።

ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። ዩኒቨርሲቲን የመንግሥት ወይም የባለጸጋ ስጦታ አድርገን ማየት ለምደናል። በባንጎር ግን አቧራ የዋጠው ሰው ከምሳው ላይ ቀንሶ የሰጠው ብድር ነው። ብድር ደግሞ ይከፈላል።

መግባት ወይስ አለመግባት?

በቤቴስዳና በአካባቢዋ አያቶቻቸው በአድማው የነበሩ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የፔንሪንን ግንብ ደጃፍ አንረግጥም የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ይነገራል። እንረዳቸዋለን። ቂም ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ ቂም ሌላ መዝገብ ያላገኘ ሰው የሚይዘው መዝገብ ነው።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ‹‹ጌጡን እንይበት፤ ስለ ባርነትና ስለ አድማ እየነገራችሁ ቀናችንን አታበላሹብን›› ይላሉ። ናሽናል ትረስት በ2020 ዓ.ም. የሚያስተዳድራቸው ቤቶች ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት ሲያወጣ 93 ቦታዎች ተጠቀሱ፤ ፔንሪንም አንዱ ነበር። ታዲያ ምን ያህል ጩኸት ተነሣ መሰላችሁ! ቤቶቻችንን ስማቸውን አጠፋችሁ ተባለ። ስም ማጥፋት ማለት ግን የሌለውን መናገር ነው። የካሣው ገንዘብ እስከ ሁለት ፔንሱ ድረስ ተመዝግቦ ሳለ ያንን ማንበብ እንዴት ስም ማጥፋት ይሆናል?

የእኛ ሐሳብ እንግባ የሚል ነው። ምክንያቱም ግንቡን አለመጎብኘት ግንቡን ለጌቶቹ መተው ይሆናል። የአዳራሹ ድንጋይ ውብ ነው፤ ውበቱ ደግሞ የሆፐር ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ያልተጻፈ የጠራቢ እጅ ነው። ያንን እጅ ለማድነቅ ስንል እንግባ። ነገር ግን አገባባችን በካባው በኩል ይሁን። በመጀመሪያ ቤቴስዳ እንሂድ፤ ከ2021 ጀምሮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የስሌይት ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷልና ካባው ራሱ ዛሬ ቅርስ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ግንቡ ብንወርድ ያ የድንጋይ አልጋ የንግሥት ወግ መሆኑ ይቀርና ስንት የሥራ ቀን እንደፈጀ፣ ስንት ትንፋሽ እንደወሰደ የምንጠይቅበት ነገር ይሆናል። ጃማይካ ግን ሩቅ ናት፤ ብዙዎቻችን አንደርስባትም። በክላረንደን ዛሬም ፔናንትስ የሚባል ቦታ አለ፤ ደንቢ የሚባልም አለ፣ ስሙ ከዌልስ የሄደ ነው። የጌቶቹ ስም መሬቱ ላይ ቀርቷል። የ764ቱ ሰዎች ስም ግን የሚፈለገው በወረቀት ውስጥ ነው።

ወረቀቱስ የት ነው? የፔንሪን ቤት መዛግብት፣ ሪቻርድ ፔናንት ስለ ጃማይካ የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ጭምር፣ የሚገኙት በባንጎር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ነው። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሳንቲም ባዋጡለት በዚያ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ጌታው በጸጥታ የጻፈውን፣ ማንም አያነብብኝም ብሎ የጻፈውን፣ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ያነባል። የጌታው ምሥጢር በሠራተኛው ቤት ተቀምጧል።

እኛም በየግቢያችን የምንማርበትን ክፍል፣ የምንቀመጥበትን ወንበር ማን ከፈለለት ብለን እንጠይቅ። መልሱን ካገኘን በኋላ ደግሞ ዝም አንበል፤ እንጻፈው።